በጣና ዳር የጎርፍ ስጋት ሲጠና መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ክረምት ሲቃረብ ከባሕር ዳርም ከወረዳም ባለሙያዎች ወደ ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደምቢያ ይወርዳሉ። ቅጽ ይሞላል፣ ካርታ ይሠራል። ሥራው የግድ ያስፈልጋል። ግን አንዳንድ ስህተቶች ከዓመት ዓመት ይደጋገማሉ፤ ዋጋቸውን የሚከፍለው ደግሞ ገበሬው ነው።

ከሁሉም የከፋው ዝናቡ ሲያባራ ስጋቱም አበቃ ማለት ነው። ዋናው ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይጥላል። ጣና ግን ጢም ብሎ የሚሞላው ዘግይቶ፣ መስከረም ገባ ካለ በኋላ ነው። ሐይቁ ሲሞላ ወደ እሱ የሚፈሱት ርብና ጉማራ ወንዞች ውሃቸውን የሚያራግፉበት ያጣሉ። ሜዳው ዝርግ ስለሆነ ወንዙ ወደፊት መሄድ ሲያቅተው ወደ ጎን ይተኛል። ሰማዩ ጠርቶ፣ ሰው የዘመን መለወጫን እያከበረ ውሃ ቤት ሊገባ ይችላል። በዚያ ላይ ሁለቱም ወንዞች የሚነሱት ከጉና ተራራ ነው። ሜዳው ላይ ጠብ ሳይል፣ ጉና ላይ ያደረ ዝናብ ታች ያለውን ሰው በተኛበት ይደርስበታል። እናም ሜዳው ላይ ያለችውን የወረታ ከተማን ዝናብ ብቻ መዝግቦ ስጋት መተመን አይሆንም። የሐይቁ ከፍታና የላይኛው ተፋሰስ ዝናብ ጎን ለጎን ይታዩ።

የሐይቁ ከፍታ ሲነሳ ሌላም ነገር አለ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ መቆጣጠሪያ በሮች ተሠርተዋል። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ለኤሌክትሪክ ከሐይቁ ውሃ ይወስዳል። ከዚያ በፊት የነበረውን መዝገብ ከአሁኑ ጋር ደባልቆ አማካይ ማውጣት ያሳስታል።

ወንዝ ዳር የአፈር መከላከያ ስላለ ቀበሌውን «ከስጋት ነፃ» ብሎ መመዝገብም አደገኛ ነው። ወንዞቹ ከላይ የሚያወርዱት ደለል ታች ሲደርስ ይቀመጣል፤ የወንዙ ወለል ከፍ እያለ ይመጣል። መከላከያው ባለበት ቆሞ ውሃው ወደ አናቱ ይጠጋል ማለት ነው። የተደረመሰ ቀን ውሃው ቀስ ብሎ ሳይሆን በአንዴ ይለቀቃል። ሰው ደግሞ መከላከያውን ተማምኖ ቤቱን አስጠግቶ ሠርቷል። በእግር እየሄዱ የተሸረሸረውን፣ ከብት መውረጃ ያደረገውን፣ ገበሬው ለመስኖ የሸነቆረውን ማየት ያስፈልጋል።

ካርታው ላይ ውሃ የተኛበትን ሁሉ የአደጋ ቦታ ብሎ ቀይ መቀባትም ልክ አይደለም። ፎገራ የሩዝ አገር ነው፤ ሩዙ ውሃ ይፈልጋል፣ ከሩዝ በኋላም በቀረው እርጥበት ጓያና ሽንብራ ይዘራል። ጥያቄው ውሃው ምን ያህል ከፍ አለ፣ ስንት ቀን ቆየ የሚለው ነው። ይህን ሳይለዩ የመጡ ባለሙያዎችን ገበሬው ሰምቶ ዝም ይላል።

ጉዳትን በፈረሰ ቤት ብዛት ብቻ መቁጠርም አለ። የጭቃ ጎታ ሥሩ ውሃ ከነካው ይሟሽሻል፤ ውስጡ ያለው የዓመት ቀለብ አብሮ ይበላሻል። ቤቱ ሳይፈርስ ቤተሰቡ ተርቧል። የጉድጓድ ውሃ ይበከላል፤ ውሃው ሲሸሽ ወባ ይከተላል። ጎታውን የምትጠብቀውም ውሃ የምትቀዳውም ሴቷ ሆና ሳለ፣ ስብሰባው ላይ የሚጠየቁት ወንዶች ብቻ ናቸው። ይህ መቅረት አለበት።

በመጨረሻ፣ «መጠለያ፦ ትምህርት ቤት» ብሎ ጽፎ ማለፍ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ ለተማሪ ይከፈታል። ገበሬውም ከብቱን ጥሎ አይወጣም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የመጣውን ጎርፍ ያዩትን ጠይቋቸው። በየጎጡ ከብት የሚቆምበት ደረቅ ከፍታ የት እንዳለ፣ ጭዱስ እዚያ በምን እንደሚደርስ ከመጠለያው በፊት ይጻፍ።