ኤጀንቱ ሲቪ ሲያበላሽ መጀመሪያ የቱሉን መግለጫ እዩ

ኤጀንት የምለው በቋንቋ ሞዴል (AI) እየታገዘ ሥራ የሚሠራውን ፕሮግራም ነው፤ ቱል ደግሞ ሞዴሉ ሥራውን ለማስፈጸም የሚጠራው ኮድ ነው። ቱሉ በእጅ ሲጠራ በትክክል እንደሚሠራ አረጋግጣችኋል ብዬ ልነሳ። እንግዲህ ጥፋቱ ኮዱ ውስጥ ካልሆነ አብዛኛውን ጊዜ መግለጫው ውስጥ ነው። ሞዴሉ ኮዳችሁን አያይም። የሚያየው የቱሉን ስም፣ መግለጫውንና የሚሞላቸውን ቦታዎች ነው። «ሲቪ ያስተዳድራል» ብሎ ጽፎ ኤጀንቱን የሚራገም ሰው በጣም ያናድደኛል።

ምልክት፦ የሥራ ልምዱ ያለ ቅጥ ይረዝማል

ይሄኛው የዕለት እንጀራዬ ነው። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ዲግሪዋን «2019 እ.ኤ.አ.»፣ ሥራዋን ደግሞ «ከመስከረም 2012 እስከ አሁን» ብላ ጽፋለች። በዚያው ዓመት ተመርቃ በዚያው ዓመት ነው የተቀጠረችው። ኤጀንቱ ግን ሁለቱንም በፈረንጆቹ አነበበና ከመመረቋ 7 ዓመት አስቀድሞ ሥራ አስጀመራት። ቀጣሪው ዘንድ ውሸታም መሰለች። አቆጣጠር ቀላቅሎ መጻፍ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህ «ሲቪውን ያበላሸችው እሷ ናት» እንዳትሉኝ።

መንስኤው መግለጫው ነው። «የሥራ ልምድ ይጨምራል» ይላል፣ ቦታው ደግሞ «የተጀመረበት ቀን»። በየትኛው አቆጣጠር? ዝም። ዝም ካላችሁት ይገምታል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው «ወደ ፈረንጆቹ ቀይረህ ላክ» የሚል መጨመር ነው። እኔም አድርጌዋለሁ፣ አታድርጉት። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ 7 ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ 8። ጥቅምት 2010 ማለት 2017 ነው፤ ሐምሌ 2010 ግን 2018። ሞዴሉ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን ይደምርላችኋል። ስሌቱን ለኮድ ተዉት።

አሁን የምጠቀምበት መግለጫ ይህ ነው፦

«በሲቪ ላይ አንድ የሥራ ልምድ ብቻ ይጨምራል። ቀኑን ሲቪው ላይ እንደተጻፈ ላክ፣ አትቀይረው። አቆጣጠር በሚለው ቦታ ኢትዮጵያ፣ ፈረንጅ ወይም አልታወቀም ከሚሉት አንዱን ሙላ። እ.ኤ.አ. ከተባለ ፈረንጅ ነው። ምልክት ከሌለ አትገምት፤ አልታወቀም ብለህ ባለቤቱን ጠይቅ።»

«አልታወቀም» የምትለዋን እንዳታወጡ። መውጫ ያጣ ሞዴል ይዋሻል።

ስለ ጳጉሜም ልንገራችሁ። ቱሉ ከ12 በላይ ወር አይቀበልም ነበር። ጳጉሜ 3 «13-03» ሆኖ ሲመጣ «ትክክል ያልሆነ ቀን» ብሎ መለሰው። ኤጀንቱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? 13ን በ12 ተክቶ እንደገና ላከ። ተቀባይነት አገኘ! ጳጉሜ ነሐሴ ሆና ቀረች፣ እኛም ያየነው ከሳምንታት በኋላ ነው። የስህተት መልእክትም ሞዴሉ የሚያነበው መመሪያ ስለሆነ ምን እንዲያደርግ ንገሩት፦ «13ኛው ወር ጳጉሜ ነው። ወሩን አትለውጥ፤ አቆጣጠሩን ኢትዮጵያ ብለህ ላክ።»

ምልክት፦ ስልክ ቁጥሩ ተስተካከለ፣ የቀረው ሲቪ ጠፋ

«አፕዴት_ሲቪ» የሚባለው ቱል ሙሉውን ፋይል ይተካል፣ መግለጫው ግን «ሲቪ ያስተካክላል» ይላል። ኤጀንቱ ስልኩን ብቻ ላከ፣ ሌላው ባዶ ሆነ። ለየክፍሉ የተለየ ቱል ሥሩ። ካልቻላችሁ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ያልላክኸው ክፍል ይሰረዛል» ይሁን፣ መጨረሻ ላይ አትደብቁት። የሰው ሲቪ ላይ አትሞክሩ። ቅጂ ሳትይዙ አትሞክሩ። ቅጂው በትክክል መከፈቱንም እዩ፤ የኔው አልተከፈተም ነበር።

ምልክት፦ የአባት ስም አንዴ ይገባል፣ አንዴ ይዘላል

«ላስት ኔም» የሚል ቦታ ካለ ኤጀንቱ አንዴ የአባት፣ አንዴ የአያት ስም ያስገባበታል። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላችሁ ሦስት ቦታ ክፈቱ።

ምልክት፦ ሲቪ ፈልግ ሲባል ክፍት የሥራ ቦታ ያመጣል

ሁለቱም ቱሎች «ይፈልጋል» ብለው ይጀምራሉ። እያንዳንዱ ላይ መቼ እንደማይጠራ አንድ መስመር ጨምሩ።

አልፎ አልፎ ኤጀንቱ ቱሉን ጭራሽ ሳይጠራ «አስተካክያለሁ» ይላል። እሱን ሎጉ (የትኛው ቱል መቼ እንደተጠራ የሚመዘገብበት) ላይ እንጂ መግለጫው ላይ አታገኙትም።