ቀን ሽቅብ፣ ማታ ቁልቁል፦ የዳገት ኩሬን ለቤት መብራት ማዋል

ዘዴው ቀን በሶላር ፓምፕ ውሃን ወደ ዳገት ኩሬ ማውጣት፣ ማታ ደግሞ ቁልቁል ለቆ ተርባይን (ውሃ የሚያሽከረክረው መንኮራኩር) እያሽከረከሩ መብራት ማግኘት ነው። ነገር ግን 100 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠ አንድ ሺህ ሊትር ውሃ የሚይዘው ኃይል 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። አነስተኛ ተርባይንና ጄነሬተር ደግሞ ከዚህ ግማሽ ያህሉን ያባክናሉ። ስለዚህ ዶማ ከመነሣቱ በፊት ከፍታ ይለካ። ወሎ ዳገት አያጣም፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው ቁልቁለት ብቻ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። የእርስዎ ቦታ ልዩነት ከ40 ሜትር ካነሰ ግን ገንዘብዎን አያውጡ። የስልክ ጂፒኤስ ብዙ ሜትር ስለሚሳሳት፣ ግንበኞች ልክ የሚያወጡበትን ውሃ የተሞላ ነጭ ቱቦ ይዘው ከታች እስከ ላይ ደረጃ በደረጃ ይለኩ።

ከዚህ በታች ያለው ስሌት ለ60 ሜትር ከፍታና ለ200 ሜትር ቱቦ ነው።

ኩሬው ከላይ 7 በ7፣ ከታች 3 በ3፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር ይሁን። ከአፉ 30 ሳንቲ ሜትር ባዶ ሲተው ወደ 40 ሜትር ኩብ ይይዛል። ይህ 40 ቶን ክብደት ነው! ደሴ ዙሪያ በክረምት መሬት እንደሚንሸራተት የታወቀ ነው፤ ከቤት በላይ፣ ውሃ በሚሰርግበት ወይም በተሰነጠቀ ዳገት ላይ ፈጽሞ አይቆፍሩ። ዋልካ አፈርም በበጋ ስለሚሰነጠቅ ብቻውን ውሃ አያቆምም። ድንጋዩንና ሥሩን ለቅመው፣ በደቃቅ አፈር ደልድለው 11 በ11 ሜትር ጂኦመምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም የፕላስቲክ ምንጣፍ) ያንጥፉ፤ ጠርዙንም በቦይ ውስጥ ይቅበሩ። የትርፍ ውሃ መውጫው ወደ ድንጋያማ ቦይ ይውረድ እንጂ በኩሬው ግንብ ላይ አይፍሰስ።

ብዙ ሰው የሚከስረው በቱቦ ነው። 500 ዋት ለማግኘት በሴኮንድ 1.7 ሊትር ያስፈልጋል። ይህ ውሃ በ63 ሚሊ ሜትር ቱቦ ሲወርድ በ200 ሜትር ላይ ከቱቦው ጋር በመፋተግ የሚያጣው ከፍታ 2 ሜትር ያህል ነው፤ በ32 ሚሊ ሜትር ቱቦ ግን ከ50 ሜትር በላይ ያጣል፣ ለተርባይኑ የሚደርሰው ምንም አይደለም። የቱቦው የታችኛው ግማሽ 10 ባር፣ የላይኛው 6 ባር ግፊት የሚችል ይሁን። ከኩሬው መውጫ አጠገብ የአየር መተንፈሻ ይትከሉ። ከታች የሚገጠመው በእጅ ተሽከርክሮ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ጌት ቫልቭ ነው፤ በአንድ ምት የሚዘጋው ቦል ቫልቭ የሚወርደውን ውሃ ድንገት ስለሚያቆመው ግፊቱ ቱቦውን ይሰነጥቃል።

ፓምፑም ተርባይኑም በዚሁ አንድ ቱቦ መጠቀም ይችላሉ፤ ፓምፑ ላይ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቼክ ቫልቭ ይግጠሙ። ይህ አሠራር ሌላ ጥቅምም አለው፦ ሽቅብ የሚወጣው ውሃ የመውጫውን ወንፊት ከቅጠልና ከደለል ያጥበዋል። ወንፊቱ ከኩሬው ወለል 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

ለዚህ ከፍታ የሚስማማው የፔልተን ተርባይን ነው፤ የሚተኮስ ውሃ በዙሪያው ያሉትን ጽዋ መሰል መቅዘፊያዎች እየመታ ያሽከረክረዋል። ኖዝሉ (ውሃው የሚተኮስበት ጠባብ አፍ) 8 ሚሊ ሜትር፣ የመንኮራኩሩ ዲያሜትር 200 ሚሊ ሜትር ሲሆን በደቂቃ ወደ 1500 ዙር ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ያለ ቀበቶ በቀጥታ ከጄነሬተሩ ጋር ይገጠማል። መንኮራኩሩ በአየር ላይ ይሁን፤ ከታች የተጠራቀመ ውሃ ከነካው ፍጥነቱ ይሞታል። አምፖሎቹ በአንድ ጊዜ ሲጠፉ ጄነሬተሩ ከልኩ በላይ ስለሚፈጥንና ቮልቴጁ ስለሚያሻቅብ፣ ትርፉን ኃይል ወደ ማሞቂያ የሚመራ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። ይህን ክፍል የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው።

ሙሉ ኩሬ 500 ዋት ለስድስት ሰዓት፣ ማለትም 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ነገር ግን 750 ዋት የሶላር ፓምፕ በቀን አምስት ሰዓት ሠርቶ የሚያወጣው ወደ 11 ሜትር ኩብ ነው፤ ኩሬው የሚሞላው በሦስት ቀን ተኩል ገደማ ነው። ካስገቡት ኃይል የሚመለሰው ሩቡ ብቻ ነው። ለመብራት ብቻ ከሆነ ባትሪ ይግዙ። ኩሬው የሚያዋጣው ከተርባይኑ የወጣው ውሃ ታች ያለውን ማሳ በመስኖ የሚያጠጣ ከሆነ፣ ወይም ከላይ ያለ ምንጭ ያለ ፓምፕ የሚሞላው ከሆነ ነው።

ጂኦመምብሬን እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፤ የገባ ልጅ ወይም ጥጃ በራሱ አይወጣም። አጥር ይጠሩ፣ በአራቱም ጎን እስከ ወለሉ የሚደርስ ቋጠሮ ያለው ገመድ ያስሩ። ወባ ባለበት በቆላው ወሎ ደግሞ ኩሬውን በጥላ መረብ ይሸፍኑ፤ ትነቱንም ይቀንስልዎታል።