በዘጌ ገዳማት የሕክምና ታሪክን እንዴት ማየት ይቻላል

አያቶቻችን ሲታመሙ ምን ያደርጉ ነበር? ጣና ዳር መልሱ በገበያው፣ በገዳም ግድግዳና በብራና ላይ አለ። አንድ ቀን ተኩል ካላችሁ ይበቃል። እኔ ዘመድ ሲመጣብኝ እንዲህ ነው ይዤ የምዞረው።

መጀመሪያ፣ ከጉዞው ቀደም ብላችሁ ባሕር ዳር ገበያ ግቡ። ቅመምና ቅጠላ ቅጠል ከሚሸጡት እናቶች ጋ ሂዱና ኮሶ ጠይቁ። ደርቆ ቀላ ያለ፣ በእጅ ሲነኩት የሚፈረፈር አበባ ነው። ጥሬ ሥጋ ወዳድ በሆነ አገር ከሥጋው የሚመጣው የሆድ ትልም መድኃኒቱም አንድ ስም አላቸው፤ ኮሶ። ተወቅጦ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። አያቴ ኮሶ የሚጠጣ ቀን ቤቱ ጸጥ ይል ነበር፤ ፊቱን አይተን እኛም እንሸማቀቃለን። እናንተ ግን እዩት፣ አሽትቱት እንጂ አትጠጡት። መጠኑ ከበዛ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል፤ ዛሬ ደግሞ በክኒን የሚለቅ ነገር ነው።

በማግስቱ በጠዋት ጀልባ ያዙ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሳል። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት፣ መመለሻውን ጨምራችሁ ተነጋገሩ። የደሴት ገዳማቱ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ስለዚህ አብረን እንግባ ካላችሁ ዘጌ ወርዳችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሂዱ። ነጠላ አትርሱ።

ከጀልባ ስትወርዱ ውሃው ውስጥ አትግቡ። ቢልሃርዝያ አለ፤ በሽታው የሚተላለፈው በትንንሽ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው። ይህም ራሱ የታሪኩ አካል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። እናቶቻችን ለሳሙና የያዙት ፍሬ ለካ ሌላም ሥራ ነበረው።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሥዕሉ ብዙ ስለሆነ ዓይን ይዋልላል። «አባ፣ በላዔ ሰብእ የት ጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰው በላው ሰውዬ፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ቁስለኛ ጥርኝ ውሃ ሲሰጥ ታያላችሁ። አብዛኛው ሰው በላዔ ሰብእን አይቶ ያልፋል። እናንተ ቁስለኛውን እዩ። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ሰውነቱን ቁስል የወረሰው ሰው ምን ይመስል እንደነበር፣ ከማን ደጅ ቆሞ ይለምን እንደነበር እዚያ አለ።

ከዚያ ወደ ዕቃ ቤቱ ግቡ። የመግቢያ ክፍያውን ክፈሉ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ብራናውን በእጃችሁ አትንኩ። ዘውዱና መስቀሉ ያማልላል። ስለ ክታብ ግን መጠየቃችሁን አትተዉ፤ እዚያ ባታዩም አባቶች ያውቁታል።

እኔ አንድ ጊዜ አንድ ክታብ ሲዘረጋ አይቻለሁ። ጠባብ፣ ረጅም ብራና ነው። በልማዱ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሠራል፤ ከራስ እስከ እግሩ እንዲጠብቀው። መሐሉ ላይ ትልልቅ ዓይኖች ያሉት ጠልሰም፣ ክፉ መንፈስ ያርቃል የሚባል ሥዕል፣ ተሥሏል። ጸሎቱ የቅዱስ ሱስንዮስ ነበር፤ ሕፃናትን ትገድላለች በምትባለው በውርዝልያ ላይ የሚደገም። ሁለት ቦታ ላይ ብራናው ተፍቆ ሳስቷል። በፊተኛዋ ሴት ስም ላይ የሌላ ሴት ስም ተጽፎበታል። ልጆቿ እንዳይሞቱባት የፈራች አንዲት እናት አንገቷ ላይ አስራው ኖራ፣ ከእሷ በኋላ ለሌላዋ ተላልፏል። እጄ ቀዘቀዘ። ክታብ ስታዩ ስሙ የት ጋ እንደተጻፈ ፈልጉ፤ በሽተኛዋ እዚያ ናት። መንገድ ላይ ያረጀ ክታብ ቢያቀርቡላችሁ ደግሞ አትግዙ፣ ቅርስ ነው።

ጊዜ ከተረፋችሁ ደቅ ደሴት ላይ ያለውን ናርጋ ሥላሴ ጨምሩ፤ ሴትም ወንድም ይገባል። ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። በ1770 በፈረንጆች ፈንጣጣ ጎንደር ቁስቋም ቤተ መንግሥታቸው ሲገባ፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ተጠርቶ ቤተሰባቸውን አክሟል። ካደረገው አንዱ በር መስኮቱን አስከፍቶ አየር ማስገባት ነበር። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በፈረንጆች በ1976 ነው፤ ክትባት የያዙ ሰዎች በእግር ተራራ ለተራራ ዞረው። ናርጋ ራቅ ይላል፣ ደርሶ መልስ ቀኑን ይበላል። ለብቻው ሌላ ቀን ያዙለት፣ ውሃና ስንቅም አትርሱ።