ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሠሩ ትናንሽ ስጦታዎች፦ ችግርና መፍትሄ

በአልጋ ልብስ ላይ ማንም የማያስተውለው የ2 ሚሊሜትር መዛነፍ በስኒ ማስቀመጫ ወይም በድስት መያዣ ላይ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ደግሞም ችግሩ የሚታይበትና የሚጀምርበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። ስለዚህ ስፌት ከመፍታት በፊት ካውያውንና መቀሱን መጠርጠር ይሻላል።

መጋጠሚያዎቹ አይገናኙም

ከ9 ካሬዎች የሚሠራ 15 ሴንቲሜትር ምንጣፍ እንውሰድ። እያንዳንዱ ካሬ 6.2 ሴ.ሜ ተቆርጦ በየጎኑ 6 ሚሊሜትር ለስፌት ሲተውለት፣ ሥራው ሲያልቅ 5 ሴ.ሜ ይሆናል። ስፌቱ 7 ሚሊሜትር ላይ ከሄደ ግን አንዱ መጋጠሚያ 2 ሚሊሜትር ይበላል፤ በአንድ ረድፍ ሁለት መጋጠሚያ ስላለ 4 ሚሊሜትር ጎደለ ማለት ነው። አንዱ ረድፍ አጥሮ ሌላው ልኩን ከጠበቀ በጉተታ ማገናኘት አይቻልም።

ማስመሪያ ጨርቁን ከሚጫነው የማሽኑ እግር ሥር አስገቡና መዘውሩን በእጅ እያዞራችሁ መርፌውን 6 ሚሊሜትሩ ላይ አውርዱት። ከዚያ በማስመሪያው ጠርዝ ልክ ማሽኑ ላይ ፕላስተር ለጥፉ፤ የጨርቁ ጫፍ ያንን እየታከከ ይሄዳል። ሦስት ቁራጭ ሰፍታችሁ ተኩሱና የመሃለኛውን ለኩ። ከ5 ሴ.ሜ ካነሰ ፕላስተሩን ወደ መርፌው አስጠጉ፣ ከበለጠ አርቁ። ረድፎቹን ስትተኩሱ የአንደኛውን የስፌት ትርፍ ወደ ቀኝ፣ የሁለተኛውን ወደ ግራ አጋድሙ። ሁለቱ ረድፎች ሲነባበሩ ትርፎቹ ጎን ለጎን ስለሚገጥሙ መጋጠሚያው በጣት ይታወቃል፤ እስፒሉ እዚያው ላይ ይሰካ።

ጠርዙ ይወዛወዛል

ቁርጥራጭ ጨርቅ የክሩን አቅጣጫ ለማየት አያመችም፤ ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። በሰያፍ የተቆረጠ ጠርዝ ሲሰፋም ሲተኮስም ይለጠጣል። ቁራጩን በሁለቱም አቅጣጫ ሳብ አድርጉት፤ ብዙ የሚለጠጠው ሰያፉ ነው። ከካርቶን የተቆረጠውን መለኪያ ከክሮቹ ጋር ትይዩ አስቀምጣችሁ ቁረጡ፤ ጨርቁ ስስ ከሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት ስታርች ቀብታችሁ ተኩሱት። ካውያውን አንሱና አስቀምጡ እንጂ አትግፉት። የቲሸርት ጨርቅ ከሸሚዝ ጨርቅ ጋር ባይቀላቀል ይመረጣል።

ከኋላ ገበሩ ይጨማደዳል

ከማሽኑ እግር በታች ያሉት ጥርሶች ገበሩን ወደፊት ይጎትታሉ፣ እግሩ ደግሞ የላይኛውን ጨርቅ ይይዘዋል፤ በሁለቱ መሃል የሚገባው ወፍራም ንብርብር፣ ማለትም ሙሌቱ፣ ይንሸራተታል። ገበሩንና ሙሌቱን በየጎኑ 3 ሴ.ሜ አስረዝማችሁ ቁረጡ። ገበሩን የውስጥ ገጹን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ጠርዙን በፕላስተር ያዙት፤ ይስተካከል እንጂ አይወጠር። ሙሌቱንና የላይኛውን ደርባችሁ በየ8 ሴ.ሜው እስፒል ሰኩ ወይም ረጃጅም የእጅ ስፌት ጣሉበት። የስፌቱን ርዝመት 3 ሚሊሜትር አድርጉና ከመሃል ወደ ዳር ስፉ። ማሽኑ የእግር ግፊት መቀነሻ ካለው ቀንሱት። ከተጨማደደ የዚያን መስመር ስፌት ብቻ ፈትታችሁ እንደገና ስፉ፤ ሁሉንም ማፍረስ አያስፈልግም።

የድስት መያዣው እጅ ያቃጥላል

ምክንያቱ ሙሌቱ መሳሳቱ ወይም ፖሊስተር መሆኑ ነው። ፖሊስተር በትኩስ ብረት ይቀልጣል። ካልታወቀ ጥቂት ክር መዛችሁ በመቆንጠጫ ይዛችሁ አቃጥሉ፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ግን ተኮማትሮ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሠራል። ሁለት ድርብ የጥጥ ሙሌት ወይም የአሮጌ የጥጥ ፎጣ ድርብ አስገቡበት፤ ላዩም ገበሩም ጥጥ ይሁን። ስጦታ የተቀበለው ሰው አምኖ ትኩስ ድስት ስለሚያነሳበት፣ ይህ በግምት የሚታለፍ አይደለም።

ሲታጠብ ቀለም ይለቃል

ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ላይ ተጠንቀቁ። እርጥብ ቁራጩን በነጭ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ተጫኑት፤ ነጩ ከተነካ ውሃው እስኪጠራ ለብቻው እጠቡት። ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ከለቀቀ ሳይደርቅ ደግማችሁ እጠቡ፤ ሳይጠራ አትተኩሱት።

ማዕዘኑ ይደነዝዛል

ፊትና ፊቱ ተገጥሞ የተሰፋውን ሥራ ከመገልበጣችሁ በፊት የማዕዘኑን ትርፍ ስፌቱ ጋ 3 ሚሊሜትር ሲቀር ቁረጡ፣ ከዚያ ጫፉ ባልሾለ እንጨት ከውስጥ ግፉት። የመገልበጫው ክፍት ቦታ 7 ሴ.ሜ ያህል ሆኖ ቀጥ ባለው ጎን ላይ ይሁን፤ በሁለቱም ጫፉ ስፌቱን አመላልሱ፣ አለዚያ ሲገለበጥ ይተረተራል። ከተገለበጠ በኋላ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ተኩሱና ዙሪያውን ከጠርዙ 3 ሚሊሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ።

ክር ይበጠሳል፣ ስፌት ይዘላል

በቅድሚያ መርፌውን ቀይሩ፦ ለተደራረበ ጥጥ ቁጥር 90፣ ጂንስ ካለበት ቁጥር 100። ካልተሻለው ክሩን አውጥታችሁ፣ እግሩ ወደ ላይ እንደተነሳ እንደገና አስገቡት፤ እግሩ ወርዶ ሲገባ ክሩ ከመወጠሪያው ሳህኖች መሃል አይቀመጥም።