ወረቀቱን ከማድረቃችሁ በፊት በደንብ ጭመቁት

ጅማ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ልብስ ያጠበ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ገመድ ላይ የዋለ ጋቢ ማታ ሲነካ ያው እርጥብ ነው። ለዚህ ነው ጋቢ የሚታጠብ ቀን ልጅ የሚጠራው፦ «ና፣ ያዝልኝ!» አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ይጠመዝዘዋል። እዚያች ደቂቃ ላይ የወጣ ውሃ ፀሐይ አይጠብቅም።

ወረቀትም እንደዚያው ነው። እኔ የእንሰት ቃጫና አሮጌ ደብተር ቀላቅዬ በእጅ ወረቀት እሠራለሁ። መጀመሪያ ላይ ልፋቴ ሁሉ ማድረቁ ላይ ነበር፤ ከሰል፣ ማሞቂያ፣ ምን ያልሞከርኩት አለ? ስህተቴ ከዚያ በፊት መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ትልቁን ፋብሪካ እንይ። ሊጡ (ፐልፑን ማለቴ ነው) ወንፊቱ ላይ ሲፈስ፣ ለ1 ኪሎ ደረቅ ቃጫ እስከ 200 ኪሎ ውሃ ይይዛል። አብዛኛው በወንፊቱ ይወርድና 4 ኪሎ ገደማ ይቀራል። መጭመቂያው ደግሞ ወደ 1 ወይም 1 ኪሎ ተኩል ያወርደዋል። የመጨረሻዋን ትንሽ ውሃ የሚያወጣው በእንፋሎት የሚሞቀው ማድረቂያ ነው። ከሁሉም በላይ ሙቀት የሚበላው ግን እሱ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ 1 ኪሎ ውሃ አሙቆ ለማትነን 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ 12 ደቂቃ ሙሉ እንደ መለኮስ ነው። ያውም ምንም ሙቀት ሳይባክን!

እንግዲህ ወደ ሥራው።

መጀመሪያ ሚዛን አምጡ። የኩሽናዋ ትንሿ ሚዛን ትበቃለች። ከመጭመቂያው የወጣ አንድ ወረቀት መዝኑ፣ አድርቁት፣ እንደገና መዝኑ። እርጥቡ 20 ግራም፣ ደረቁ 6 ግራም ከሆነ ድርቀቱ 30 በመቶ ነው። ይህቺ ቁጥር ሳትኖር የሚደረግ ማሻሻል ግምት ነው። በ30 በመቶ ለ1 ኪሎ ወረቀት 2.3 ኪሎ ውሃ ታደርቃላችሁ። በ40 በመቶ 1 ኪሎ ተኩል፣ በ50 በመቶ 1 ኪሎ ብቻ። ከ40 ወደ 41 ብትሄዱ እንኳ የሚተነነው ውሃ 4 በመቶ ይቀንሳል። ፋብሪካዎች ለአንዲት ነጥብ የሚጨነቁት ወደው አይደለም።

ሊጡን ከልክ በላይ አትውቀጡት። በጣም የደቀቀ ቃጫ ወረቀቱን ያጠነክረዋል፣ ውሃውን ግን እንደ ተልባ ይዞ አልለቅም ይላል። የቡና ገለፈት የምትቀላቅሉም ተጠንቀቁ፤ ብናኙ ሲበዛ ወንፊቱ ይደፈናል። ወንፊቱን ከገንዳው ስታወጡ ደግሞ አትቸኩሉ። ጠብታው እስኪቀንስ አጋድማችሁ ያዙት። ነፃ ውሃ ነው፣ ለምን ለመጭመቂያው ይቀራል?

ቀጥሎ ጨርቁ። እርጥቡ ወረቀት ተቆልሎ ነው የሚጨመቀው፣ በየወረቀቱ መሀል የሚገባው የሱፍ ጨርቅ ነው፤ እኔ ከሐሙስ ገበያ፣ ከሰልባጅ ተራ ያረጀ የሱፍ ብርድ ልብስ ገዝቼ ቆራረጥኩት። ሲንተቲኩን ተዉት፣ ውሃ አይጠጣም። ጨርቁ ንጹህ ካልሆነ ውሃው መሄጃ የለውም። ከጥቂት ዙር በኋላ ደቃቁ ቃጫ ጉድጓዶቹን ይደፍናቸዋል፤ በለብታ ውሃ እጠቡት፣ በደንብ ጨምቁት። ፋብሪካዎችም የመጭመቂያውን ጨርቅ እየሠራ ሳለ ያጥቡታል፤ ካልታጠበ ድርቀቱ ወዲያው ይወርዳል።

ሙቀትም ይረዳል። ውሃ ሲሞቅ ይቀጥናል፦ በ60 ዲግሪ ያለ ውሃ በ20 ዲግሪ ካለው ከግማሽ በታች ነው ውፍረቱ፤ በቃጫው መሀል ቶሎ ሾልኮ ይወጣል። ፋብሪካዎች ከመጭመቂያው በፊት ወረቀቱ ላይ እንፋሎት የሚነፉት ለዚህ ነው። እናንተ ግን ለዚህ ብላችሁ አዲስ እሳት አታንድዱ፣ ትርፉ ይጠፋል። ቃጫ የተቀቀለበት ድስት ትኩስ ነው አይደል? ክዳኑ ላይ ጨርቆቹን ደርድሩና ከመጠቀማችሁ በፊት አሙቋቸው። ቁልሉ ሲሠራ ለብ ካለ ይበቃል።

አሁን ክሪኩ። የኔ መጭመቂያ ብየዳ ቤት ያሠራሁት የብረት ፍሬም ነው፤ ውስጡ ሁለት ወፍራም የዋንዛ ጣውላ፣ ላዩ ላይ የከባድ መኪና ክሪክ። ብየዳው ጥሩ ይሁን፤ ሲጨመቅ ፊታችሁንና እጃችሁን አርቁ። መጀመሪያ ቀን በጉጉት ፓምፑን ደጋገምኩት። ውሃው መውጫ ሲያጣ ሊጡን ይዞት ወጣ፤ አስራ አምስት ወረቀት እንደ ገንፎ በጎን ተንጠባጠበ። ያኔ ነው ጉልበት ብቻውን እንደማይጨምቅ የተማርኩት። ትንሽ ገፋ አድርጉ፣ ጠብቁ። በጎን የሚወርደው ውሃ መስመር ሆኖ ሲፈስ አትንኩት። ወደ ጠብታ ሲወርድ ደግማችሁ ገፋ አድርጉ። ከፍተኛው ላይ ስትደርሱ ደግሞ ዝም ብላችሁ ተዉት፣ ቡና አፍሉ። ጊዜ እዚህ ጉልበት ነው። ፋብሪካዎችም ይህንን አውቀው ነው በፈረንጆቹ 1980 ገደማ ጫና ወረቀቱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ የሚያርፍበት ሰፊ መጭመቂያ ማስገባት የጀመሩት። ቀድሞ ሁለት ሲሊንደሮች ናቸው በአንዲት ቀጭን መስመር የሚጫኑት፤ ወረቀቱ በቅጽበት ያልፍ ነበር።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው ክሪኩን ሲያላላ ነው። ጫናው ሲለቅ ወረቀቱ እንደ ስፖንጅ ይነፋል፣ ከጨርቁና ከሥር ከተጠራቀመው ውሃ መልሶ ይጠጣል። የለፋችሁበትን በአንድ ትንፋሽ ይመልሰዋል። ስለዚህ መጭመቂያው ከሥሩ ትንሽ ያጋደለ ይሁን፣ ውሃው ወደ ባልዲ ይውረድ። ከማላላታችሁ በፊት ጠርዙን በጨርቅ ጥረጉ። እንደላላ ወዲያው ወረቀቱን ከጨርቁ ለዩ፤ «ምሳ በልቼ እመለሳለሁ» የለም። ቀጥሎ በደረቅ ጨርቅ አንዴ ድገሙት። ሁለተኛው ዙር አጭር ነው፣ ሚዛኑ ላይ ግን ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ወረቀቱን ጫፉን ይዛችሁ ስታነሱት ሳይቀደድ ከተነሳ ለማስጣት ደርሷል። ለስላሳ ጣውላ ላይ በብሩሽ ለጥፉት፣ ጥላ ሥር ነፋስ በሚያልፍበት በኩል አቁሙት። ከሙቀት ይበልጥ የሚያስፈልገው ነፋስ ነው። በክረምት ቬንቲሌተር ከማሞቂያ በጣም ያነሰ መብራት ይበላል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ግን በሩን ዘግታችሁ አትንፉ፤ ያንኑ እርጥብ አየር ነው የምታዞሩት። መስኮት ክፈቱ።