ለሌላ ሰው ኮምፒውተር የሚዘጋጅ ሰነድ፦ አዲስ ለመጡ ወገኖች

«በእኔ ኮምፒውተር ላይ በትክክል ይታያል፤ ቢሮው ግን አይነበብም ብሎ መለሰልኝ» የሚለው አቤቱታ በቅርቡ ከመጡ ወገኖቻችን ተደጋግሞ ስለሚደርሰኝ፣ መልሱን አንድ ጊዜ በጽሑፍ ማስቀመጥ መርጫለሁ። ሰነድ የሚመዘነው ተቀባዩ በሚከፍትበት ኮምፒውተር ላይ ነው፤ በራስዎ ስክሪን ላይ ማማሩ ምንም አያረጋግጥም።

ከሁሉ የከፋው እኔም የወደቅሁበት የአማርኛ ፎንት (የኮምፒውተር የፊደል ቅርጽ) ወጥመድ ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን የኮምፒውተር መለያ ቁጥር (ኮድ) የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ዩኒኮድ፣ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትሙ ሲሆን፣ ቀደም ብለው የተሠሩት ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በእነዚያ ፎንቶች የተተየበ ፋይል ውስጥ ያለው የላቲን ምልክት በመሆኑ፣ ፎንቱ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆናል። ለማስረጃ ያቀረብሁት የአማርኛ ደብዳቤ በዚሁ ምክንያት ተመልሶ ቀነ ገደቡ አለፈብኝ፤ ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛም ስልክ ደውሎ ከመጠየቅ ይልቅ የውድቅ ማስታወቂያ መላክን መረጠ። ወደ ፒዲኤፍ መቀየር የሚያድነው በከፊል ብቻ ነው፤ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር አብሮ ከተካተተ መልኩ ይጠበቃል፣ ተርጓሚው ጽሑፉን ቀድቶ ሲለጥፈው ግን ያው የምልክት ክምር ይወጣለታል። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት ጽሑፉን በሙሉ መርጠው ፎንቱን ወደ ኤሪያል ይቀይሩ። አማርኛው እንዳለ ከቀጠለ ዩኒኮድ ነው፤ ወደ ላቲን ፊደላት ከተለወጠ ግን በመቀየሪያ ፕሮግራም ማስለወጥ፣ ካልሆነም እንደገና መተየብ ይኖርብዎታል። ለአዲስ ጽሑፍ ኢብሪማ፣ ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይበቃል። የድሮው ፎንት ያምራል ብለው የሚከራከሩኝ አሉ፤ እኔ ግን ለመንግሥት ቢሮ በሚላክ ወረቀት ላይ ከውበት ይልቅ መነበብን አስቀድማለሁ።

የወረቀቱን መጠን መጻፍ ከመጀመርዎ በፊት ይወስኑ። አሜሪካና ካናዳ የሚጠቀሙበት ሌተር 216 በ279 ሚሊ ሜትር፣ አውሮፓና አብዛኛው ዓለም የሚሠራበት ኤ4 ደግሞ 210 በ297 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በኤ4 የተሰናዳ ደብዳቤ ወደ ሌተር ሲቀየር የፊርማው ቦታ ብቻውን ወደ ሁለተኛ ገጽ ሊሻገር ይችላል።

ቀኑን ወደ ቀኝ ለመግፋት ስፔስ ባርን ደጋግሞ መጫን፣ አዲስ ገጽ ለመክፈትም ኢንተርን መደርደር ሊቀር የሚገባው ግድየለሽነት ነው፤ አንዲት ቃል ስትጨመር ሁሉም ይፈናቀላል። ለመጀመሪያው የቀኝ አሰላለፍን፣ ለሁለተኛው ኮንትሮልና ኢንተርን በአንድነት መጫን በቂ ነው። ርእሶችንም አንድ በአንድ ከማድመቅ ይልቅ ሄዲንግ የተባለውን ስታይል (ዝግጁ የርእስ አቀራረብ) ይስጧቸው፤ ማውጫውን ወርድ (Word) የተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ከእነርሱ ተነሥቶ ራሱ ያዘጋጅልዎታል።

የሥራ ማመልከቻን በተመለከተ፣ ብዙ ቀጣሪዎች ሲቪን አስቀድመው በሶፍትዌር ስለሚያስነብቡ፣ ስምና ስልክ ቁጥርን በቴክስት ቦክስ (ለብቻው በሚቀመጥ የጽሑፍ ሳጥን) ወይም በገጹ ራስጌ ውስጥ አያስቀምጡ፤ ሶፍትዌሩ ሊዘልላቸው ይችላል። ከኢንተርኔት የሚወርዱት ባለ ሁለት ዓምድ ያሸበረቁ ቅጾች ከጥቅማቸው ጉዳታቸው ያመዝናል ብዬ አምናለሁ።

ቀን ሲጽፉ የወሩን ስም በፊደል ያስፍሩ፤ 03/04 በአሜሪካ ማርች 4፣ በእንግሊዝ ግን ኤፕሪል 3 ነው። ጽሑፉን ሌላ ሰው አርሞልዎት ከሆነም፣ የእርማት ምልክቶቹን ተቀብለው አስተያየቶቹን ሳያጠፉ ፋይሉን አይላኩ።