ዳር ከተማ ላይ መናፈሻ ስታቅዱ እባካችሁ እነዚህን አትድገሙ

የመናፈሻ ዲዛይን ሲገመገም መቀመጥ ከጀመርኩ ዓመታት ሆኑ። የሚቀርበው ሥዕል ሁሌም ያምራል። ፏፏቴ አለው። ዘምባባ አለው። ውሻዋን የምታንሸራሽር ባለ ነጭ ሱሪ ፈረንጅም አለችበት፤ ከሶፍትዌሩ ጋር የመጣች። ቦታው ግን የአዲስ አበባ ዳር፣ የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ ነው። ሴትዮዋ እዚያ ሰፈር ውላ አታውቅም።

ይሄንን የምጽፈው በክፍለ ከተማና በወረዳ የፕላን ክፍሎች አዲስ ለተቀጠራችሁ ልጆች ነው። እወዳችኋለሁ። ኮምፒዩተሩን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ግን ያው ስህተት በየዓመቱ በአዲስ ቀለም ይመጣል፤ እኔም ሰለቸኝ።

የተረፈውን መሬት አረንጓዴ መቀባት

ይሄኛው ስለሚያናድደኝ ረዘም ላድርገው።

ከተማችን የያዘችው መርህ ይታወቃል። 30 በመቶ መንገድና መሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ አረንጓዴ፣ 40 በመቶ ግንባታ። ጥሩ መርህ ነው። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ፕላነሩ መጀመሪያ መንገዱን ያሰምራል። ቀጥሎ ብሎኮቹን ይደረድራል። መጨረሻ ላይ ለምንም የማይሆነውን፣ ማለትም ገደሉን፣ የወንዙን አፋፍና የከፍተኛ ኃይል መስመር ያለፈበትን መሬት አረንጓዴ ይቀባዋል። ሲደመር 30 በመቶ ሞላ። ጸደቀ። ተጨበጨበ።

እስቲ እናስላው። 60 ሄክታር የሆነ ሰፈር አለ እንበል። 30 በመቶው 18 ሄክታር ነው። ከዚህ ላይ ገደሉና የወንዙ ዳርቻ 10 ይወስዳል። የኤሌክትሪክ መስመሩ ሥር 4 ይሄዳል። የመንገድ አካፋዩና አደባባዩ 3 ይሆናል። ሰው የሚውልበት የቀረው 1 ሄክታር ነው። አንድ ደረጃውን የጠበቀ የኳስ ሜዳ ብቻ ከ0.7 ሄክታር በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ በወረቀት 18 ሄክታር መናፈሻ ያለው ሰፈር፣ መሬት ላይ ያለው አንድ ሜዳና ጥቂት ትራፊ ነው ማለት ነው።

ይሄን ስናገር «ቪው አለው እኮ!» የሚለኝ አይጠፋም። ቪው አለው፤ አልካድኩም። እማማ ጉልበታቸውን እያመማቸው ያን ቁልቁለት እንዴት ይውረዱት? ልጆቹስ ኳሳቸው ወንዝ በገባ ቁጥር ማን ያወጣላቸዋል? ወደ አቃቂ የሚወርዱትን ገባሮች የሚያውቅ ያውቃቸዋል። በበጋ ውሃው ቀጥኖ ፍሳሹ ይገንናል፤ አፋፉ ላይ አፍንጫ ሳይዙ መቀመጥ አይቻልም። ነሐሴ ላይ ደግሞ ያው ወንዝ አግዳሚ ወንበሩን ይዞት ይሄዳል። የኤሌክትሪክ መስመሩ ሥርም ረጅም ዛፍ አይተከልም። ጥላ የሌለው መናፈሻ ደግሞ የግንቦት ፀሐይ ማስጫ ነው።

ገደሉና አፋፉ አይጠበቁ አላልኩም። መጠበቅማ አለባቸው። መሬቱን ከመሸርሸር፣ ከታች ያለውንም ሰፈር ከጎርፍ የሚያድኑት እነሱ ናቸው። ግን ሠንጠረዡ ላይ ለየብቻ ጻፏቸው። አንዱ ዓምድ የሚጠበቅ አረንጓዴ፣ ሌላው ዓምድ ሰው የሚውልበት አረንጓዴ ይሁን። ሁለተኛው ዓምድ ላይ ያለውን ቁጥር ስታዩ ራሳችሁ ትደነግጣላችሁ። መሬቱ ሳይሸነሸን፣ ለጥ ያለውንና ለሁሉም ብሎክ የሚቀርበውን ቦታ መጀመሪያ ለመናፈሻው ያዙለት። ብሎኩ ይጠጋል። ሜዳ ግን ከተሠራበት በኋላ አይመለስም።

«ባዶ መሬት ነው»

ማነው ባዶ ያለው? ዳር ከተማ ላይ ባዶ የሚባለው መሬት የግጦሽ ሜዳ ነበር። አሁንም ላም ያለው ገበሬ አለ። ምንጭ አለ። ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ የሚወስድ፣ በእግር የተጠረገ መንገድ አለ። ሽማግሌ የሚሰበሰብበት ሾላ አለ። ከሳተላይት ምስሉ ላይ እነዚህ አይታዩም። ወይም ይታያሉ፤ የሚያያቸው የለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በየዳር ከተማው ስትዞሩ ሳይነካ የቆየው ክፍት ቦታ የትኛው ነው? ብዙ ጊዜ ጥምቀተ ባሕሩ ነው፤ አለዚያ የወጣቶቹ ኳስ ሜዳ። ፕላን ስለጠበቃቸው አይመስለኝም። ታቦት በየዓመቱ ይወርድበታል፣ ልጅ በየቀኑ ይጫወትበታል፣ ሊወስደው የመጣ ሁሉ ከሰው ጋር ይጋጫል። ጃን ሜዳን አስታውሱ። በ2012 በኮሮና ምክንያት የፒያሳው አትክልት ተራ እዚያ ገባ። ሆኖም ለ2013 ጥምቀት ገበያው ወጥቶ፣ ቦታው ተጸድቶ ደረሰ። ባለጉዳይ ያለው ሜዳ እንዲህ ነው። ስለዚህ አዲስ መናፈሻ ከባዶ ከመፍጠራችሁ በፊት ሰዉ የት ነው የሚውለው ብላችሁ ጠይቁ። እሑድ ሂዱ፤ በሥራ ቀን ሄዳችሁ የምታገኙት ጥበቃውን ብቻ ነው።

ድንኳኑን መርሳት

ኮዬ ፈጬ በኩል አንድ የሰፈር መናፈሻ ዲዛይን ለነዋሪው ቀርቦ ነበር። ልጁ ጥሩ አድርጎ አስረዳ። የአበባ መደቡን፣ ጠመዝማዛውን መንገድ፣ የመቀመጫውን ቅርጽ ሁሉ አሳየ። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ።

«የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ፣ ያምራል። ድንኳኑን የት ነው የምንጥለው?»

«የምን ድንኳን፣ እማማ?»

«የለቅሶ ነዋ! እዚህ ሰፈር ሰው አይሞትም?»

አዳራሹ ሳቀ፤ ልጁ ቀላ። እሳቸው ግን የዕለቱን ትልቅ ጥያቄ ጠየቁ። አራት ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ግቢ የለውም። ግቢው ያ ክፍት ቦታ ነው። በርበሬ ያሰጣበታል፣ ምንጣፍ ያጥብበታል፣ ልጁን ይድርበታል፣ ዘመዱን ይቀብርና ሦስት ቀን ይቀመጥበታል። ለዓውደ ዓመት በግ ይታረድበታል። ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩ ኮሚናል የሚባሉት ቤቶች የታሰቡት ለዚሁ ነበር፤ ብዙዎቹ ሱቅና መጋዘን ሆነው ቀርተዋል። ስለዚህ ሰዉ ወደ ሜዳው ይወጣል። አበባ መደቡ ላይ ድንኳን ተተከለ ብላችሁ አትቆጡ፤ ሌላ ቦታ አልሰጣችሁትም። ማድረግ ያለባችሁ ቀላል ነው። ከመናፈሻው አንዱን ጥግ በንጣፍ ድንጋይ ሥሩት። ወንበርና ብረት የጫነ አይሱዙ የሚገባበት በር ይኑረው። የውሃ ቧንቧ አምጡለት፣ ፍሳሹ የሚወርድበት ቦይ ይኑር። ሌላው ሣር ሆኖ ይቆያል።

በዚያው «ኳስ መጫወት ክልክል ነው» የሚለውን ታፔላ ንቀሉልኝ። ልጆቹ አስፋልት ላይ ይጫወቱ?

አጥር

አጥር ጥበቃ ነው ይባላል። አንዳንዴ ልክ ነው፤ ችግኝ እስኪጠና ከብት መከልከል አለበት። ግን አራቱን ጎን በግንብ ዘግቶ አንድ በር ከፍቶ በሩ ላይ ትኬት ቆራጭ ማስቀመጥ ሌላ ነገር ነው። መንገዱ የተዘጋበት ሰው ይዞራል፣ ወይ አጥሩን ይነድላል። ከእንጦጦና ከየካ ተራራ ጥግ የምታቅዱ በተለይ ተጠንቀቁ። እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች መንገዳቸውን ከእኛ ካርታ በፊት ነው ያወጡት። ያንን መንገድ የዘጋ አጥር ሸክማቸው ላይ ሌላ ሸክም ይጨምራል።

በየቦታው ያንኑ ዛፍ መትከል

እንጦጦ አናቱ ላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። አቃቂ ግን ወደ 2100 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ከተማ ነው ብላችሁ አንድ የችግኝ ዝርዝር ለሁለቱም አትላኩ። ኮሶ ከፍታና ብርድ ይወዳል፤ አቃቂ ወስዳችሁ አታሰቃዩት። ዋንዛ ደግሞ ዝቅ ላለው በኩል ይሻላል። የሐበሻ ጽድና ወይራ ሲያድጉ ያዘግማሉ፣ ከጠኑ ግን ዕድሜ ልክ ናቸው። ቶሎ ጥላ ከፈለጋችሁ ብሳና አለላችሁ። ግራር ደግሞ ጃንጥላ ነው፤ ሥሩ ሃያ ሰው ይቀመጣል።

ዘምባባ? ዘምባባ ለማን ጥላ ሆኖ ያውቃል! ውድ ነው፣ ለፎቶ ይቆማል፣ ሥሩ የሚቀመጥ የለም።

ባሕር ዛፉን ነቅሎ አገር በቀል መተካት ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ተዳፋቱን በአንድ በጋ አትመልጡት። በክረምቱ አፈሩ ተጠርጎ ታች ሰፈር ይገባል። በየቁራጩ፣ ተራ በተራ።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ሐምሌ ላይ ሁሉም ይተክላል፤ ፎቶም ይነሣል። ዝናቡ መስከረም ላይ ይቆማል። ከጥቅምት እስከ የካቲት የሚያጠጣው ማነው? ለነዋሪው ራሱ ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር መናፈሻ ላይ የቧንቧ መስመር መሳል ቀልድ ነው። የጉድጓድ ውሃ፣ የጣሪያ ውሃ የሚጠራቀምበት ሮቶ፣ ወይም ቢያንስ ቦቴ የሚገባበት በርና በጀት ያዙለት። አንዱም ከሌለ ሣሩን ቀንሱት። ሰርዶ ይበቃል፤ በጋ ላይ ቢደርቅ ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ይነሣል።

መረሬ አፈር

በቦሌ አራብሳ፣ በኮዬ፣ በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ነው። እላዩ ላይ በቀጥታ ንጣፍ አንጥፋችሁ ብታስረክቡ፣ በዓመቱ ስትመለሱ መንገዱ ሞገድ ሠርቶ፣ አግዳሚው ወንበር ወደ ኋላ ተንጋሎ፣ የዥዋዥዌው ብረት ዘምሞ ታገኙታላችሁ። ጥቁሩን ቆርጣችሁ አውጡት፤ በገረጋንቲ ሙሉት፤ በደንብ ጠቅጥቁት። ተቋራጩ «ትንሽ መንገድ ናት፣ ምን ያስፈልጋል» ካለ አትስሙት። ገንዘቡ ካልበቃ መንገዱን አሳጥሩ እንጂ ሥሩን አትተዉት።

ሽንት ቤት ሳይኖረው መናፈሻ አይመረቅ። መብራት የሌለው መናፈሻ ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የሴት ልጅ አይደለም።

«ለወጣቶች አደራጅተን እንሰጠዋለን»

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ወጣቶቹም ሥራ ይፈልጋሉ። ግን ውል ሳይኖር የተሰጠ መናፈሻ አካሄዱ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ጀበና ቡና ይገባል። ቀጥሎ ፕላስቲክ ወንበር፣ ከዚያ ሸራ፣ ከዚያ ድራፍትና ትልቅ ስፒከር። አንዱ ጎን መኪና ማጠቢያ ይሆናል። በሁለት ዓመት ውስጥ ምንም ሳያዝዝ የሚቀመጥ ሰው ይባረራል። ልጆቹን አትውቀሱ፤ ደሞዝ ሳትከፍሏቸው ሣር አጭዳችሁ ኑሩ ብላችኋቸዋል። ውሉ ላይ ስንት ካሬ ለንግድ እንደሆነ ጻፉ፣ መሬቱም ላይ ምልክት አድርጉበት። ቀሪው ላይ ማንም በነፃ እንደሚቀመጥ በጉልህ ይለጠፍ። የጽዳትና የማጠጣት ክፍያ ለብቻው ይመደብ።

ትልልቆቹን መናፈሻዎች መኮረጅ

እንጦጦ ፓርክ፣ አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክ፣ ሁሉም የራሳቸው ሥራ አላቸው። ሰው ተዘጋጅቶ፣ ዘንጦ፣ በዓመት በዓል የሚሄድባቸው ናቸው። ቂሊንጦ ያለች እናት ግን ሁለት ልጅ ይዛ፣ ታክሲ ቀያይራ፣ በየሳምንቱ እዚያ አትደርስም። እሷ የምትፈልገው ከብሎኳ በር ተነሥታ፣ በነጠላ ጫማ፣ ወጡ ምድጃ ላይ እያለ ደርሳ የምትመለስበትን ቦታ ነው። ዥዋዥዌና ሸርተቴ፣ ጥላ፣ ልጇን የምታይበት መቀመጫ፤ በቃ። ለአንድ ፏፏቴ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ እንዲህ ዓይነት ጥግ ይሠራል። ፏፏቴውም ፓምፑ እስኪቃጠል ነው።

ካርታ የሌለው መናፈሻ

ቤት ካርታ አለው። ሱቅ ካርታ አለው። መናፈሻ ግን ብዙ ጊዜ የለውም፤ የአካባቢ ልማት ፕላኑ ላይ ያለ ቀለም ብቻ ነው። ፕላን ሲከለስ ቀለሙ ይቀየራል። አንድ ሰው በቆርቆሮ አጥሮ ሲገባ ደግሞ «ይህ የሕዝብ ነው» የሚል ወረቀት የሚያወጣ ይጠፋል። መናፈሻውን እንደማንኛውም ይዞታ አስለኩት፣ ኮኦርድኔቱን አስመዝግቡት፣ የወሰን ድንጋዩን በነዋሪው ፊት ትከሉ። ካርታው በየትኛው መሥሪያ ቤት ስም እንደሚወጣ ግንባታው ሳይጀመር ይታወቅ፤ ከተመረቀ በኋላ ሁሉም «የእኔ አይደለም» ይላል። ኮፒውን ለነዋሪዎች ኮሚቴ ስጡ። ላሚኔት አስደርገው በየብሎኩ መግቢያ ይለጥፉት። ሌሊት ቆርቆሮ ጭኖ የሚመጣ ሲገኝ የወረዳው ቢሮ ተዘግቷል፤ ብሎኩ ላይ ግን ሰው አለ።